ከ«ይሉኛል» ወደ «እልሃለሁ»፤ የትወና ፈተና ፍርሃትና የጎንደር የአደባባይ ልማድ

መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ተውኔት ሲነሣ በቅድሚያ የምንነጋገረው ስለ ሴራው፣ ስለ ግጭቱ፣ ስለ ገጸ ባሕርያት አሳሳሉና ስለ ቃለ ተውኔቱ ነው። ቃለ ተውኔቱን አጥንቶ መድረክ ላይ ስለሚቆመው ሰው የምንለው ጥቂት ነው፤ ለመድረክ ሲመለመል ስለሚደርስበት ነገርማ ጨርሶ አናነሣም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የአንድ ገጸ ባሕርይ ድምፅና አካል የማን እንደሚሆን የሚወሰነው በተለምዶ ኦዲሽን በሚባለው የትወና ፈተና ወቅት፣ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ፍርሃት ምላሱን ያሰረበት ተማሪ ተሰጥኦ እንደሌለው ተቆጥሮ ይሸኛል።

ጎንደር ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በተማሪዎች የተውኔት ክበባት ምልመላ ላይ በልዩ ልዩ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ለፈተና ከሚቀርቡት መካከል የከተማው ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራና ከወገራ የመጡም አሉ። በሰርግ ቤት ሲያቀራሩና ሲፎክሩ ጓደኞቻቸው የሚመሰክሩላቸው፣ በፈተናው ክፍል ግን ድምፃቸው ከጉሮሯቸው አልወጣ የሚላቸው ጥቂቶች አይደሉም። በሰርግ ቤት የሚከፈተው አንደበት በፈተና ክፍል የሚዘጋው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ መልሱን በሁለት ወገን እፈልጋለሁ፤ አንደኛው ፍርሃቱ ራሱ ምን እንደሆነ በመመርመር፣ ሁለተኛው የአካባቢያችን የአደባባይ ልማድ ይህን ፍርሃት እንዴት ሲይዘው እንደኖረ በማየት ነው። ከዚያ በመነሣት ለተፈታኙም ለመልማዩም የሚጠቅሙ ነጥቦችን አቀርባለሁ።

የፍርሃቱ ምንነት

የተፈታኞች አቤቱታ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ፣ አፌ ደረቀ፣ ጉልበቴ ተብረከረከ፣ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ የሚል ነው። አሜሪካዊው የሥነ አካል ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳብራራው፣ ሰውነት አደጋ የመጣ ሲመስለው ራሱን ለመጋጠም ወይም ለመሸሽ ያዘጋጃል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ ደም ወደ ጡንቻዎች ይሄዳል፤ የምግብ መፍጨቱ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ምራቅ ይቀንሳል። ሰውነታችን ከጅብ ጋር በተፋጠጠ ሰውና ሦስት መልማዮች ፊት በቆመ ሰው መካከል ያለውን ልዩነት እምብዛም አያውቅም።

ከዚህ የምንረዳቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ፍርሃቱ የችሎታ ማነስ ማስረጃ አለመሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪየር እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ግለ ታሪኩ እንደገለጸው፣ በ1960ዎቹ በብሔራዊ ቴአትሩ ሲሠራ፣ ዝናው ጣሪያ ከነካ በኋላ፣ ብርቱ የመድረክ ፍርሃት ይዞት ለዓመታት ቆይቷል። ኦቴሎን ሲጫወት ኢያጎን የሚጫወተው ተዋናይ ከዓይኑ እንዳይርቅ ይለምን ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ባቀረበልን ትርጉም ኦቴሎን ያነበበ ተማሪ፣ ያን ግዙፍ ሰው የሚጫወተው ታላቅ ተዋናይ እንደዚያ ይፈራ እንደነበር ቢያውቅ በራሱ ፍርሃት ያን ያህል አያፍርም።

ሁለተኛው፣ ይህ የሰውነት ዝግጅት በትእዛዝ የማይቆም መሆኑ ነው። ተፈታኙን «አይዞህ፣ አትፍራ» ማለት ደግ ቃል ቢሆንም የልቡን ምት አይቀንስለትም። ሦስተኛው፣ ሰውነት ያሰናዳው ኃይል ሌላ ሥራ ሊሰጠው የሚችል መሆኑ ነው። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ በሰው ፊት ከመዝፈናቸው ወይም ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ፍርሃትና ጉጉት በሰውነት ላይ የሚያሳዩት ምልክት ተቀራራቢ ነውና፣ የሚፈጥን ልብን ጸጥ ከማሰኘት ይልቅ ስሙን መለወጥ ይቀላል ማለት ነው።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

አማርኛ ለዚህ ስሜት አንድ ስም ብቻ አልሰጠውም። ድንጋጤ ድንገት ለሚመጣ ነገር ነው፤ ስጋት ገና ላልመጣው ነው፤ ሃፍረት ገመና ሲገለጥ ነው። ለትወና ፈተና ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ይሉኝታ ይመስለኛል። የቃሉን አመሠራረት ልብ እንበል። ይሉኝታ «ይሉኝ» ከሚለው የግሥ ቅርጽ የወጣ ስም ነው። በዚህ ግሥ ውስጥ ባለቤቱ «እነሱ»፣ ተሳቢው «እኔ» ነው። ባለይሉኝታ ሰው ራሱን የሚያየው የሌሎች ዐረፍተ ነገር ተሳቢ አድርጎ ነው።

ይሉኝታ በማኅበራዊ ኑሯችን ክፉ ነገር አይደለም። «ይሉኝታ ቢስ» የሚለው ቃል ስድብ የሆነው፣ የሰው ፊት መፍራት ጎረቤትን ከጎረቤት አስተሳስሮ የሚያኖር ስለሆነ ነው። በተለይ በደጋው አገር ያደገ ወጣት በሽማግሌ ፊት ድምፁን ዝቅ፣ ዓይኑን ሰበር አድርጎ መቆምን ከልጅነቱ ተምሯል፤ በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ ይህ ግዴታ ይጠብቃል። እንግዲህ ከሦስት ታላላቆች ፊት አቁመን ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ቀና በል፣ ተቆጣ፣ አልቅስ ስንለው አስተዳደጉ ከከለከለው ነገር ጋር ነው የምናጋጥመው። ዝም ቢል ያደገበትን ሥርዓት አክብሮ ነው እንጂ ችሎታ ስላጣ ላይሆን ይችላል።

ቃለ ተውኔት ግን ሌላ ሰዋስው አለው። በተውኔት ውስጥ የሚናገር ሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድን ሰው ያናግራል፤ ይለምናል፣ ይወቅሳል፣ ያታልላል፣ ያባብላል። ባለቤቱ «እኔ»፣ ተሳቢው «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ የትወና ፈተና ፍርሃት የሚያዘው ፍርሃቱን በማጥፋት ሳይሆን፣ ተፈታኙ ከ«ይሉኛል» ወጥቶ ወደ «እልሃለሁ» ሲገባ ነው።

ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪም ወደዚሁ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ይህ ሰው፣ በ1936 በእንግሊዝኛ በታተመው የትወና መጽሐፉ የሚተርከው በአንድ ወጣት ተማሪ አንደበት ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው በፈተና መሆኑ ለርእሳችን ይስማማል። ተማሪው ኦቴሎን መርጦ ይቀርባል፤ ተመልካቹ ያለበት ጨለማ ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ይስበዋል። በኋላ መምህሩ የሚያስተምረው ጨለማውን መፍራት እንዲተው ሳይሆን፣ ዓይኑንና ሐሳቡን ቅርብ ባለ ነገርና በትወና ባልደረባው ላይ እንዲያሳርፍ ነው።

የጎንደር ልማድ ምን ያስተምራል?

ከመድረክ ፍርሃት ጋር መታገል ከውጭ የመጣ አዲስ ጉዳይ አይደለም። በአካባቢያችን በሰው ፊት መቆምን የሚያለማምዱ ቢያንስ አራት ልማዶች ይገኛሉ።

አንደኛው የቆሎ ተማሪው ነው። አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ ውሻ ከሚጮህበት የማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ድምፁ ካልተሰማ ቁራሽ የለም። ፍርሃቱ እስኪለቀው አይጠብቅም፤ እየፈራ ይጠራል፤ በማግስቱም ይደግመዋል። ቅኔ ቤት ሲገባም እንዲሁ ነው። ቅኔውን ብቻውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩና ጓደኞቹ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ይታረማል። የሚጀምረው ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ነው፤ ወደ 8 ቤቱ መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። በጥቂቱ ጀምሮ በሰው ፊት ደጋግሞ መቆም ዛሬ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ለፍርሃት ከሚሰጧቸው ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ነው።

ሁለተኛው አቋቋም ነው። የአቋቋም ትምህርት በስፋት ከሚታወቅባቸው ቦታዎች ግንባር ቀደሙ የጎንደር በአታ ነው። በአቋቋም መቋሚያውና ጸናጽሉ ለእጅ፣ ዝማሜው ለመላ አካል ሥራ ይሰጣሉ። ሥራ የተሰጠው እጅ ለመንቀጥቀጥ ጊዜ የለውም።

ሦስተኛው አዝማሪ ነው። በጎንደር ከተማ አቅራቢያ ቡርቧክስን የመሰሉ የአዝማሪ መንደሮች ይገኛሉ፤ ልጆች ማሲንቆውን ከወላጆቻቸው ይማራሉ። አዝማሪ ሲዘፍን ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ያንኑ መልሶ ያዜመዋል። አዝማሪው በድግግሞሹና በማሲንቆው ምልልስ መካከል ለሚቀጥለው ነገር ጊዜ ያገኛል፤ ዜማው ግን አይቋረጥም። ከዚህም በላይ ዓይኑ ሁልጊዜ በአንድ ሰው ላይ ነው፤ የሚያሞግሰውም የሚሸነቁጠውም ሰው ፊቱ ተቀምጧል።

አራተኛው ፉከራ ነው። ፎካሪ ከመቀመጫው ድንገት ተነሥቶ አይፎክርም። በመጀመሪያ አቅራሪው ያቀራራል፤ ሽለላው ይሞቃል፤ ታዳሚው ያጅባል፤ ወኔው ሲመጣ ፎካሪው ብድግ ይላል፤ ይንጎራደዳል። እላይ የተገለጸው የሚፈጥን ልብ በፉከራ ውስጥ «ወኔ» የሚባል የክብር ስም አለው። ያ ምት ባይኖር ፉከራውም ባልኖረ።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ደባርቅ ላይ በሰርግ ቤት የሚፎክረው ልጅ በፈተና ክፍል የሚደነዝዘው፣ ፈተናው እነዚህን ድጋፎች ሁሉ ስለነሣው ነው። አቅራሪ የለም፤ ተቀባይ የለም፤ እጅ የሚይዘው ነገር የለም፤ የሚያናግረው ሰው የለም። ያሉት እስክሪብቶ የያዙ ዝምተኞች ናቸው። እንግዲህ የፍርሃት አያያዝ ማለት እነዚህን ድጋፎች ተፈታኙ ለራሱ ይዞ እንዲገባ ማድረግ ነው። ይህ ዝምድና በታሪካችንም ያለ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ያስተምሩና ተውኔት ያዘጋጁ የነበሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት የወጡ ነበሩ።

ከፈተናው በፊት

የመጀመሪያው ጉዳይ የጽሑፍ ምርጫ ነው። ባየኋቸው ምልመላዎች የአፄ ቴዎድሮስን ወይም የአቡነ ጴጥሮስን ንግግር ይዞ የሚቀርብ ወንድ ተፈታኝ ብዙ ነው። ምርጫው የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የፈራ ሰው ታላቅ ንግግር ሲይዝ ፍርሃቱን በጩኸት ይሸፍናል፤ ጩኸቱ ትንፋሹን ያሳጥራል፤ ያጠረ ትንፋሽ ፍርሃቱን ያባብሳል። ስለዚህ አንድን ሰው አንድ ነገር የሚጠይቅ አጭር መነባንብ መምረጥ ይሻላል። ተፈታኙ «ማንን ነው የማናግረው? ምን እንዲያደርግልኝ ነው የምፈልገው?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ ካልቻለ ጽሑፉን ገና አላጠናውም።

ሁለተኛው የአጠናን ዘዴ ነው። በጸጥታ ብቻ የተጠና ቃል ጫጫታ ሲመጣ ይበተናል። ውኃ እየቀዱ፣ ልብስ እያጠቡ፣ ገበያ እየሄዱ ማለት ይገባል። ቀጥሎ በአንድ ጓደኛ ፊት፣ ከዚያ በሦስት፣ ከዚያ ጨርሶ በማያውቁት ሰው ፊት ማቅረብ ነው። ይህ ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ የመሄዱ ጉዞ ነው። በተለይ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ከእንቅልፍ ቢቀሰቀሱ እንኳ የሚባል ሆኖ መጠናት አለበት፤ ድንጋጤ ከሁሉ ይበልጥ የሚበረታው መግቢያው ላይ ነውና።

ሦስተኛው የዕለቱ ጥንቃቄ ነው። ድፍረት ይሰጠኛል ብሎ አረቄ መቅመስ ወይም ጫት መያዝ፣ ምላስንና የማስታወስ ኃይልን ለማይታመን ነገር አሳልፎ መስጠት ነው። ቡናም ቢሆን ለለመደው አቦሉ ይበቃዋል፤ ቶናውና በረካው መንቀጥቀጡን ስለሚያብሱ ከፈተናው በኋላ ይደርሳሉ። የደጋው ብርድም ሊረሳ አይገባም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የጥዋት ብርድ ትከሻን ያኮማትራል፤ ጉሮሮን ያጠብቃል። ተፈታኙ በብርድ ሲንቀጠቀጥ የፈራ ይመስለውና በእርግጥ ይፈራል። ስለዚህ ቀደም ብሎ ደርሶ መንጎራደድ፣ ትከሻን ማፍታታት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ማንጎራጎር ያስፈልጋል። ይህ ለራስ አቅራሪ መሆን ነው።

በፈተናው ሰዓት

በመጠበቂያው ቦታ ከውስጥ የሚመጣውን የሌሎች ድምፅ ማድመጥ «ይሉኛል»ን ብቻ ይመግባል። ከዚያ ይልቅ ትንፋሽን ሥራ ማስያዝ ይጠቅማል። በአፍንጫ እስከ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ በአፍ እስከ 6 ወይም 8 ቆጥሮ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው፤ የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። ከዚህ ጋር ለራስ የሚነገረው ቃል «አልፈራም» ሳይሆን «ጓጉቻለሁ» ይሁን።

ወደ ክፍሉ ሲገቡ ሰላምታ ይሰጣል፤ እግር መሬት ይይዛል። ከዚያ የሚያናግሩት ሰው የት እንደቆመ ይወሰናል። መልማዮቹን ማናገር ብዙ ጊዜ አይመከርም፤ ከእነሱ ራስ በላይ ወይም ጎን ያለ አንድ ነጥብ፣ ወይም ባዶ ወንበር ይበቃል። ያ ነጥብ እናት፣ ወንድም ወይም ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። እጅ የሚይዘው ነገር ከፈለገ የነጠላ ጫፍ መያዝ ነውር የለውም፤ ነጠላውን የምትይዘው ግን ገጸ ባሕርይዋ መሆን አለባት።

ቃል ቢጠፋስ? እዚህ ላይ አዝማሪው መምህራችን ነው። የመጨረሻውን ሐረግ እንደ ገጸ ባሕርዩ ሆኖ ለዚያው ሰው በሌላ ቃና መልሶ ማለት ይቻላል። «አልሰማኸኝም እንዴ?» የሚል ስሜት ይዞ የተደገመ ሐረግ ብዙ ጊዜ ጉድለት አይመስልም፤ ያን ጊዜ ቀጣዩ ቃል ይመጣል። ካልመጣም «እንደገና ልጀምር?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ መብት ነው።

የመልማዮች ድርሻ

ጉዳዩን ሁሉ በተፈታኙ ጫንቃ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይሆንም። በአንድ ምልመላ ላይ ተመልካች ሆኜ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከደጋው አገር የመጣች አንዲት ተማሪ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ከመልማዮቹ አንዱ በአነጋገር ዘዬዋ ሳቀ። ድምፅዋ ወዲያው ወረደ፤ «ይበቃል» ተብላ ወጣች። ጥቂት ቆይቼ ስወጣ ከደጃፍ ያንኑ መነባንብ ለጓደኛዋ ስታሰማ ደረስኩ። ቁጣው ነበረ፤ ልመናው ነበረ፤ ዘዬዋም ለገጸ ባሕርይዋ ከማንም በላይ የሚስማማ ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን የምታናግረው ሰው ነበራት።

በእኔ እምነት የመጀመሪያው ንባብ የሚለካው ፍርሃትን ነው፤ ተሰጥኦ የሚለካው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ መልማዮች ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ሁለት ጊዜ ዕድል ቢሰጡና በመካከሉ አንድ የአዘጋጅ አስተያየት ቢያቀርቡ መልካም ነው፤ «አሁን ደግሞ ለታናሽ እኅትህ ንገራት» የሚል ቀላል መመሪያ ይበቃል። ምላሽ የሚያነብ ባልደረባ መመደብም ተቀባይ እንደ መስጠት ነው። በዘዬ መሳቅ ግን ጨርሶ ሊቀር ይገባዋል፤ የሰሜን ጎንደርን ገበሬ የሚጫወት ተዋናይ ፈልገን የሰሜን ጎንደርን አነጋገር ከደጃፍ የምንመልስ ከሆነ ተውኔታችን የሚደኸየው በገዛ እጃችን ነው።

ማጠቃለያ

የትወና ፈተና ፍርሃት የሰውነት ዝግጅትና የይሉኝታ ድምር ነው። ዝግጅቱን ማጥፋት አይቻልም፤ ወኔ ማድረግ ግን ይቻላል። ይሉኝታውንም የሚያስታግሰው የሚያናግሩትን ሰው ማግኘት ነው። ይህን ማለማመድ የተውኔት ክበባት ብቻ ሥራ አይደለም። ተውኔት በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ቃለ ተውኔቱን በዓይን ብቻ ከማንበብ ይልቅ ተማሪዎች ተነሥተው እርስ በርስ እንዲባባሉት ብናደርግ፣ ለተውኔቱ ትንታኔም ይጠቅማል፤ ነገ ከመልማዮች ፊት የሚቆመው ተማሪም ድምፁን ቀድሞ ያውቀዋል።